አያ ጅቦን ማን ይሥራው?



ደብረ ማርቆስ ላይ ቆሞ ስለ ተረት መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት እዚሁ አጠገባችን፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ከማሳተማቸው በፊት፣ በ1948 ዓ.ም.፣ «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለ የተረት መጽሐፍ አስነብበውናል። ስለዚህ ተረት ይሰበሰብ ልላችሁ አልመጣሁም፤ ለዚያ ሥራ ጀማሪ አለው። የእኔ ጉዳይ ከተረቱ ውስጥ ያለው ባለታሪክ ነው። አያ ጅቦ በሸክላ ይሠራ፣ ከየመንደሩ ይሰበሰብ፣ መደርደሪያ ላይ ወጥቶ ይታይ እላለሁ።

ነገሩ የልጅ ጨዋታ የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ይስማ፤ ዴንማርኮች የደራሲያቸውን የአንደርሰንን ተረት ይዘው ትንሿን የባሕር ልጃገረድ ከነሐስ አሠርተው፣ እ.ኤ.አ. በ1913 ኮፐንሃገን ወደብ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀምጠዋታል። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ከሩብ አይበልጥም፤ አገር ጎብኚ ግን እሷን ሳያይ አይመለስም። ፊንላንዶች ደግሞ ቶቬ ያንሰን ለፈጠረቻቸው ሙሚን ለሚባሉ የተረት ፍጡራን ታምፔሬ ከተማ ውስጥ ሙዚየም ከፍተውላቸዋል። እዚያ ከሥዕሎቹ ጎን በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተቀመጡ ትንንሽ ትዕይንቶች አሉ፤ ቤቱ፣ ሰገነቱ፣ ፍጡራኑ ሁሉ በእጅ የተሠሩ ናቸው።

እኛ ጭቃ አጥተን አይደለም። የጎጃም እረኛ ክረምት ሲገባ ከጭቃ በሬ ይሠራል፤ ጥማድ ያቆማል፣ ያዋጋል፣ ዝናብ ሲመጣ ትቶት ይሄዳል። በ1921 ዓ.ም.፣ በራስ ኃይሉ ዘመን፣ ወደ ጎጃም የመጣው ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል የሐበሻን ጨዋታ ቁም ነገር ብሎ መዝግቦ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 መጽሐፍ አድርጎ አውጥቶታል። ባዕድ ቁም ነገር ያለውን እኛ «የልጅ ነገር» ማለታችን ያሳፍራል። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ቢያንስ ይህን አላለም፤ ትርኢቱን በሰው ልጅ ዕድሜ ከፍሎ ለልጅነት፣ ለጨዋታና ለተረት ቦታ ሰጥቷል።

ለያዝነው ነገር የቅርብ ምሳሌ የምናገኘው ግን ዓባይን ተሻግረን ጎንደር አፋፍ ላይ፣ ወለቃ ነው። እዚያ የቤተ እስራኤል ሴቶች ምጣድና ገንቦ ሲሠሩ ኖረው፣ እንግዳ ሲበዛ ትንንሽ ቅርጾችም ይሠሩ ጀመር። አንበሳ፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ ኦሪት የያዘ ቄስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ አንድ አልጋ ላይ ተኝተው። (ካህናቱ ይቅር ይበሉኝ፤ ሴቶቹ የሠሩትን ነው የምናገረው።) ብርድ ልብሱ እስከ አገጫቸው ተስቦ ሁለት ራስ ብቻ ብቅ ብሎ ይታያል፤ ረጅሙ ታሪክ በመዳፍ ላይ አለቀ ማለት ነው። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች አብዛኞቹ ሠሪዎች ወደ እስራኤል ሄዱ፤ በግንቦት 1983ቱ ብቻ በሁለት ቀን ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ነው የተጓጓዘው። ቅርጾቹም በየአገሩ ሰብሳቢዎች እጅ ቀሩ።

አሁን ወደ ክፉው ነገር ልምጣ። ሸክላ ሠሪን ምን ስንላት ኖርን? «ቡዳ ናት፣ ሌሊት ጅብ ትሆናለች» ነው ያልናት። ሐጋር ሰላሞን የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ ቤተ እስራኤል ያሳተመችው መጽሐፍ ርእሱ ሳይቀር «የጅብ ሕዝብ» ነው። ስድቡ ጎንደር ላይ ብቻ አልቆመም፤ የእኛም ገበያ ያውቀዋል። ዳግማዊ አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያ እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር፤ አዋጁ ተነገረ፣ ሰዉ ሰማ፣ ስድቡ ቀጠለ። እንግዲህ አያ ጅቦን ሊሠራ የሚችለው እጅ፣ ራሱ ጅብ ሲባል የኖረ እጅ ነው። አንድ ሰብሳቢ ከከተማ ወርዶ አንዲትን ሸክላ ሠሪ «ጅብ ሥሪልኝ» ቢላት፣ እሷ የምትሰማው ምን ይመስላችኋል? ጅቡ መደርደሪያችን ላይ አለመኖሩ በዚህ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ።

ስለዚህ አስቀድሞ ተረቱን ቁጭ ብሎ ከእሷ አፍ መስማት ይገባል፤ የቱን እንስሳ እንደምትሠራም መራጯ እሷ ትሁን። ጦጣዋን ከመረጠች ጦጣዋን እንቀበል። ጅቡን ከመረጠች ደግሞ ሥራው ቀላል አይደለም። የጅብ ፊቱ ከፍ፣ ኋላው ዝቅ ያለ ነው፤ አንገቱ ወፍራም፣ እግሩ ቀጭን። ወፍራሙና ቀጭኑ እኩል ስለማይደርቁ እግሩ ከትከሻው ሥር ይሰነጠቃል። ሆዱ ድፍን ከሆነ ውስጡ የቀረው እርጥበት በኩበቱ እሳት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ያፈነዳዋል። ምጣድ የሠራ እጅ ይህን ያውቃል፤ ከጭቃው ጋር የተፈጨ ገል ይቀላቅላል፣ ሆዱን ቦርቡሮ ያወጣል። የሚሻለው ግን ጅቡን ማስቀመጥ ነው። በማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» ያለው ጅብ አለልን አይደለም? ቁርበቱ ላይ ተኮፍሶ ይቀመጥ። እግሩ ከሥሩ ይታጠፋል፣ ስንጥቁም ይቀራል፣ ኩራቱም ይታያል። ወራጅ ውኃ ላይ «አደፈረስሽብኝ» እያለ አህያዋን የሚያመካኘውን ጅብ ደግሞ ለሁለተኛው መደርደሪያ እናቆየው፤ አህያዋ የምትሠራው በሌላ እጅ ቢሆን እመርጣለሁ፣ የሁለት መንደር አሠራር ጎን ለጎን እንዲታይ።

ከገበያ የተገዛ ቅርጽ ብዙ ጊዜ የሠሪዋን ስም ይዞ አይመጣም። በእኛ መደርደሪያ ላይ ግን ከእያንዳንዱ ቅርጽ ሥር የሠሪዋ ስም፣ የአፈሩ ቦታና የተነገረው ተረት ይጻፍ፤ ስሟ እንዳይጻፍ ከፈለገች ፈቃዷ ይከበር። ዋጋውን በጀበና ዋጋ ለመለካት የሚዳዳው እንዳለ አውቃለሁ። ጀበና የሚሠራ እጅ ቅርጹን ለምዶታል፤ ቁርበት ላይ የተቀመጠ ጅብ ግን ተሰብሮ፣ ዳግም ተቦክቶ፣ ዳግም ተጠብሶ ነው የሚወጣው። ለተሰበሩትም ሊከፈላት ይገባል።