ስለ ካርታ ምትሐትና ስለ እጅ ቅልጥፍና



በዛሬው ንግግሬ የማነሣው ነገር ገና ስሙ ሲጠራ የአንዳንዱን ሰው ፊት ሳያስቋጥር አይቀርም። ካርታ ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት ቁማርን ነው፤ ምትሐት ሲባል ደግሞ ጠንቋይንና መተተኛን ነው። ሁለቱ በአንድነት ሲጠሩማ አንድ አባት ልጁን «ይህን ነገር ከቤቴ አውጣልኝ» ቢለው የሚፈርድበት የለም። እኔ ግን የምናገረው ገንዘብ ስለ መብላትም ስለ ጥንቆላም አይደለም። በ52 ካርታና በ10 ጣት ዘመድ ወዳጅን ማስደነቅ እንዴት ያለ ትምህርትና ትዕግሥት እንደሚጠይቅ፣ ይህንንም ዕውቀት ያገኘ ሰው በየትኛው ወገን ሊቆም እንደሚገባው ለማስረዳት ነው።

አስቀድመን ነገሩን እንለይ። ጠንቋይ የሚባለው ሰው የማያውቀውን አውቃለሁ፣ የማይችለውን እችላለሁ ብሎ የሰውን ፍርሃት መተዳደሪያው ያደርጋል። የካርታ ምትሐት የሚያሳይ ሰው ግን ከጅምሩ «እነሆ፣ ዓይናችሁን ላታልል ነው» ብሎ ያስታውቃል፤ ተመልካቹም ወዶና ፈቅዶ ይታለላል። በምሽት እሳት ዳር ተረት የሚያወራ ሰው «ጅብና አህያ ተነጋገሩ» ቢል ውሸታም እንደማይባል ሁሉ፣ ይህም ሰው አታላይ አይባልም። አታላይ የሚሆነው ተረቱን እውነት ነው ብሎ ዋጋ የጠየቀበት ዕለት ነው።

ይህን ልዩነት ቀደም ብለው በጽሑፍ ካስረዱት ሰዎች አንዱ ሬጂናልድ ስኮት የተባለ እንግሊዛዊ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በእርሱ ዘመን በአውሮፓ ብዙ ድኾችና አሮጊቶች ጠንቋዮች ናችሁ እየተባሉ ይከሰሱና ይገደሉ ነበር። ስኮት በ1584 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የዚህን ክስ ከንቱነት ሲከራከር፣ ምትሐተኞች በሳንቲም፣ በኳስና በካርታ የሚያሳዩትን ብልሃት አንድ በአንድ ገልጦ ጻፈ። አንባቢው የሰይጣን ሥራ የመሰለው ነገር የጣት ሥራ ሆኖ ሲያገኘው ሌላውንም ክስ እንዲጠራጠር ብሎ ነው። እንግዲህ የምትሐት ብልሃት በእንግሊዝኛ ከተጻፈባቸው የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት አንዱ የተጻፈው ሰውን ለማሞኘት ሳይሆን ሰውን ከግፍ ሞት ለማዳን ነበር። ካርታን በጅምላ የሚያወግዙ ሰዎች ይህን ታሪክ ቢያስታውሱት መልካም ነው።

ካርታው ራሱ የምሥራቅ ሀብት ነው። አውሮፓ የደረሰው በ14ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፣ ግብጽን ይገዙ የነበሩት ማምሉኮች ይጫወቱበት የነበረ እሽግ እስከ ዛሬ በኢስታንቡል በቶፕካፒ ቤተ መዘክር ይገኛል። በላዩ ያሉት ምልክቶች ጽዋ፣ የወርቅ ገንዘብ፣ ሰይፍና በፈረስ ላይ ሆነው ኳስ የሚመቱበት ዱላ ናቸው። ይህ ዱላ እንደ እኛ የገና ዱላ ጫፉ የቆለመመ ነው።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንግባ። ጀማሪ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ፣ በየመጽሐፉም የሚገኝ አንድ ጨዋታ እነግራችኋለሁ። ካርታውን በውዛችሁ ስታበቁ ከሁሉ በታች ያለውን ካርታ በጨረፍታ ተመልከቱና በልባችሁ ያዙት፤ ለምሳሌ ጥቁር ሰባት ይሁን። ከዚያ ካርታውን እንደ ማራገቢያ ዘርግታችሁ እንግዳችሁ የወደደውን አንድ ካርታ እንዲመዝ፣ አይቶም እንዲያስታውሰው ለምኑት። ክምሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፤ እንግዳው የመዘዘውን ካርታ ከላይ ያኑር፤ ቀጥሎም ክምሩን በገዛ እጁ ከመካከል ቆርጦ የታችኛውን ክፍል በላይኛው ላይ ይጫን። ተመልካቹ ካርታው እንደ ጠፋ ያምናል። ነገር ግን ከታች የነበረው ጥቁር ሰባት አሁን በቀጥታ በእንግዳው ካርታ ላይ ተቀምጧል። ካርታውን ከላይ እየጀመራችሁ አንድ በአንድ ፊቱን ገልጣችሁ ስትዘረጉ ጥቁሩ ሰባት ከወጣ በኋላ የሚከተለው የእንግዳው ነው።

ቢጠራጠሩ ደጋግመው ይቁረጡት። በአንድ ቦታ ተቆርጦ የሚጫን ክምር ቅደም ተከተሉ አይፈርስም፤ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ክብ ሆኖ ይዞራል እንጂ። ምናልባት ጥቁሩ ሰባት እንደ ገና ከሁሉ በታች ቢውል የእንግዳው ካርታ ከሁሉ በላይ ሆኗል ማለት ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የገለጣችሁትን ካርታ ምን ጊዜም አትርሱ። ቆርጦ መጫን እንጂ መበወዝ ግን አይፈቀድም፤ በውዙት ካላችሁ ብልሃቱ አብሮ ፈረሰ።

ይህን ለማወቅ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ዓመታት ይወስዳል፤ ትልቁ ነገርም እዚህ ላይ ነው። ብልሃቱን ብቻ የተማረ ልጅ ጥቁሩን ሰባት ባየ ጊዜ እጁ ይቆማል፣ ዓይኑ ይፈጥናል፣ «ይኸውልህ ካርታህ!» ብሎ ይጮኻል፤ ተመልካቹም ወዲያው ይነቃል። የሠለጠነው ግን የእንግዳውን ካርታ አልፎ ሦስት አራት ካርታ ይገልጣል፤ እጁም ሳይለወጥ ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ አንዱን ካርታ ሳይገልጥ በጣቱ እየነካ «ቀጥሎ የምገለብጠው ካርታ የእርስዎ ነው» ይላል። እንግዳው የራሱን ካርታ አስቀድሞ ተገልጦ አይቶታልና «ተሳሳተ» ብሎ በልቡ ይስቃል። በዚህ ጊዜ ምትሐተኛው ተመልሶ ተገልጦ ያለውን የእንግዳውን ካርታ ይገለብጠዋል። እንደ ቃሉም ሆነ። ቤቱ በሣቅ ይሞላል።

ይህችው ጨዋታ ግን «በመቶ ብር ተወራረደኝ» የምትል አንዲት ቃል ብትጨመርባት ሌብነት ትሆናለች። ጣቱም ካርታውም አንድ ነው፤ የተለወጠው ሥራው ብቻ ነው። ስለዚህ ለልጆቻችሁ ስታስተምሩ ብልሃቱንና ይህን ወሰን በአንድ ቀን አስተምሯቸው፤ ለነገ አታቆዩት።

በገበያ ዳርና በአውቶቡስ መናኸሪያ ሦስት ካርታ በካርቶን ላይ ደፍተው «ቀዩዋ የት ናት?» እያሉ የሚጣሩትን ሰዎች የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። የገጠር ሰው የእህሉን ዋጋ፣ ተማሪውም የቤት ኪራዩን ለነዚህ ሰዎች አስረክቦ ሲያለቅስ ታይቷል። ሥራቸው እንዲህ ነው። ሰውዬው በአንድ እጁ ሁለት ካርታ አንዱን በሌላው ላይ አድርጎ ይይዛል፤ ቀዩዋ ከታች መሆኗን ያሳያችኋል። ሲወረውር ዓይናችሁ የታችኛው ካርታ ቀድሞ እንደሚወድቅ ያምናል፤ እርሱ ግን የላይኛውን ይለቃል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ የምትከተሉት ሌላ ካርታ ነው። ዙሪያውን ቆመው ሲያሸንፉ የምታዩአቸውም የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ከነርሱም አንዱ ሰውዬው ዞር ሲል የቀዩዋን ማዕዘን ጎንጥፎ በዓይኑ ይጠቅሳችኋል፤ እናንተም ሌባውን በሌባ ብልሃት የምታሸንፉ ይመስላችኋል። ነገር ግን ሰውዬው በመወርወር ላይ ሳለ የቀዩዋን ጫፍ አቅንቶ የሌላዋን ጎንጥፎታል። ዓይን የቱንም ያህል ቢፈጥን ይህን አይደርስበትም፤ ያለው መፍትሔ አለመቆም ነው። የካርታ ምትሐት ጥቂት የተማረ ወጣት ግን ዓይኑን ስለማያምን ከዚህ ወጥመድ ቶሎ ያመልጣል። እኔ ለዚህ ጥበብ ከምሰጠው ምስጋና ትልቁ ይኸው ነው።

ጥበቡ በመንግሥት እጅም ገብቶ ያውቃል። ሮበር ሁደን የተባለው ዝነኛ ፈረንሳዊ ምትሐተኛ አስቀድሞ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ በ1845 ዓ.ም. በፓሪስ የራሱን ቴአትር ከፈተ። በ1856 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት ወደ አልጄሪያ ላከው፤ የፈረንሳይ ኀይል ከአገሬው ሃይማኖት አባቶች ኀይል የሚበልጥ አስመስሎ እንዲያሳይ ነው። በመድረኩ ላይ ብርቱው ጎበዝ ሊያነሣው የማይችለው ሣጥን አሳየ፤ ከበታች የሚስበው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት ነበር። የሰውየውን ጥበብ አደንቃለሁ፤ በቅኝ የተያዘን ሕዝብ ለማስፈራራት መዋሉን ግን ከሦስቱ ካርታ ጨዋታ ለይቼ አላየውም።

ወደ ልምምድ እንመለስ። በ1902 ዓ.ም. በቺካጎ ኤርድኔዝ በሚል ስም የታተመ አንድ መጽሐፍ አለ፤ ጸሐፊው በእውነት ማን እንደ ነበረ እስከ ዛሬ በርግጠኝነት አልታወቀም። ቁማርተኞች የሚሠሩትን የእጅ ተንኮልና የምትሐትን ብልሃት በአንድነት የሚያስረዳ ነው። ይህን መጽሐፍ በልጅነቱ አጥንቶ ያደገው፣ በ1894 ዓ.ም. በካናዳ በኦታዋ የተወለደው ዳይ ቨርነን፣ በኋላ የምትሐተኞች ሁሉ መምህር ሆነ። የሚታወቅበትም ወሬ ይህ ነው። ሁዲኒ የተባለው ስመ ጥር ሰው አንድን ምትሐት ሦስት ጊዜ ካየሁ ምሥጢሩን አገኘዋለሁ እያለ ይመካ ነበር። በ1922 ዓ.ም. ቨርነን በቺካጎ ሁዲኒ በስሙ ምልክት ያደረገባትን ካርታ ከላይ ሁለተኛ አድርጎ ሲያገባት ተመልሳ ከሁሉ በላይ ተገኘች። ሁዲኒ ይደገም አለ፤ ከሦስት ጊዜ በላይ ተደጋገመ፤ አላገኘውም። ምሥጢሩን እኔም አልነግራችሁም፤ በዚህ እንጀራቸውን የሚበሉ ሰዎች አሉና። ቨርነን ግን ለተማሪዎቹ ደጋግሞ ያስተምር የነበረው የእጅ ፍጥነትን ሳይሆን የእጅን ተፈጥሯዊነት ነው። ሳይሸሽግ ካርታ እንደሚይዝ ሰው ሆኖ መሸሸግ የዚህ ሥራ ዋናው ፈተና ነው።

ጣቴ ወፍራም ነው፣ እጄ ይንቀጠቀጣል የሚል ሰው ቢኖር የሬኔ ላቫንድን ታሪክ ይስማ። ላቫንድ በ1928 ዓ.ም. በአርጀንቲና ተወለደ። በዘጠኝ ዓመቱ መኪና ገጭቶት ቀኝ እጁን አጣ። የካርታ መጻሕፍት የተጻፉት ሁለት እጅ ላለው ሰው ስለሆነ ለእርሱ የሚሆን መምህር አልነበረም፤ በግራ እጁ ብቻ መበወዙንም፣ መቁረጡንም፣ መሸሸጉንም ራሱ ፈለሰፈ። ብዙ ዓመት በባንክ ጸሐፊነት እያደረ የተለማመደው ይህ ሰው በኋላ በዓለም መድረኮች ተቀመጠ፤ ካርታውን በጣም በዝግታ እያንቀሳቀሰ፣ ታሪክ እያወራ፣ «ከዚህ ይልቅ በዝግታ ሊሠራ አይቻልም» የሚል መንፈስ ያለው ጨዋታ ያሳይ ነበር። በ2015 ዓ.ም. እስከ ሞተ ድረስ ተመልካቹ በመጨረሻ የሚያስታውሰው የጎደለውን እጅ ሳይሆን ታሪኩን ነበር።

ከዚህ ጨዋታ ተነሥቶ ሊቅ የሆነም አለ። ፐርሲ ዲያኮኒስ የተባለው አሜሪካዊ በ14 ዓመቱ ከቤቱ ወጥቶ ቨርነንን ተከትሎ በየከተማው ዞረ፤ ኋላም የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1992 ዓ.ም. ከዴቭ ባየር ጋራ ባወጣው ጥናት፣ ካርታን ለሁለት ከፍሎ ጫፍ ለጫፍ እያማቱ መበወዝ ቅደም ተከተሉን በሚገባ የሚያጠፋው ሰባት ጊዜ ያህል ሲደረግ መሆኑን አስረዳ። 52 ካርታ ሊደረደርበት የሚችለው ስልት ብዛቱ በአኃዝ ሲጻፍ ከ8 በኋላ 67 አኃዞች ይከተሉታል። እኛ በበዓል ቀን ቡና እየጠጣን ሁለት ሦስት ጊዜ በውዘን የምናድለው ካርታ እንግዲህ በደንብ የተበወዘ አይደለም ማለት ነው።

ልትጀምሩ ብታስቡ የሚያስፈልጋችሁ አንድ እሽግ ካርታና አንድ መስተዋት ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ለመያዝና ለመበወዝ ብቻ ስጡት። ከዚያ በመስተዋት ፊት እየተናገራችሁ ሥሩ፤ አፍ ዝም ሲል እጅ ይጋለጣልና። ለሰው የምታሳዩበት ቀን ሲደርስም ካርታውን የሚመዝላችሁን ሰው በጥንቃቄ ምረጡ። ጋሼ እገሌን ወይም እትዬ እገሊትን በሰው ፊት «አልቻሉም» የሚያሰኝ ጨዋታ በኛ አገር ጨዋታ አይባልም። ለታላቅ ሰው የምትሰጡት ክብር ካርታውን በእጃቸው እንዲይዙ፣ ፍጻሜውንም እርሳቸው እንዲገልጡት ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ ድንቁን የሠሩት እርሳቸው ይሆናሉ።

ሦስት ጨዋታ ካሳያችሁ በኋላ ካርታውን ወደ ኪሳችሁ መልሱ። «ያንኑ ድገመው» ቢሏችሁ አትድገሙ፤ በመጀመሪያው ጊዜ ተመልካቹ ወዴት እንደምትሄዱ አያውቅም፣ በሁለተኛው ግን መንገዱን ቆሞ ይጠብቃል። ከልጆቹ አንዱ ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ ወደ ኋላ ቀርቶ እጃችሁን እጃችሁን ቢያይ፣ እርሱን አስቀምጡና ከሁሉ በታች ያለውን ካርታ አሳዩት።