የትኛው ነገር ወንጀል ነው? የትኛውስ ፍትሐ ብሔር?

(በማኅበራችን የወሩ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነበበ ንግግር። መምጣት ላልቻሉ አባላት ሲባል በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ዛሬ ስለ ቦይ ጠረጋና ስለ መዋጮ አንናገርም፤ እሱ በሚቀጥለው ይደርሳል። የዛሬው ንግግራችን ስለ ሕግ ነው። ከኮሚቴው መካከል ሕግ የተማረ ሰው እንደሌለ ታውቃላችሁ። ነገር ግን በቅርቡ በሠፈራችን የደረሱ ሁለት ነገሮች የሕጉን መጽሐፍ ገዝተን እንድናነብ፣ ያልገባንንም አዋቂ ዘንድ ሄደን እንድንጠይቅ አስገደዱን። ከሁለቱ በአንደኛው ጥፋቱ የራሳችን ነው። ደብቀን ከምናልፈው ብንናገረው ይሻላል ብለናል።

መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። ሰው ሰውን ሲበድል ሕግ ነገሩን በሁለት መንገድ ያየዋል። አንደኛው ወንጀል ነው። ወንጀል የተሠራው በአንድ ሰው ላይ ቢሆንም ሕዝቡ ሁሉ እንደ ተበደለ ይቆጠራል። ስለዚህ ፖሊስ ይመረምራል፣ ዐቃቤ ሕግ ይከስሳል፣ ጥፋተኛ የተባለውም ይታሰራል ወይም መቀጮ ይከፍላል። ሁለተኛው ፍትሐ ብሔር ነው። ይህ የብድር፣ የኪራይ፣ የሽያጭ፣ የወሰን፣ የካሣ ነገር ነው። እዚህ ላይ ከሳሹ ባለጉዳዩ ራሱ ነው። ክሱን ጽፎ ወይም አጽፎ ፍርድ ቤት ያስገባል፤ ሲረታም የሚያገኘው ገንዘቡን ወይም ካሣውን ነው እንጂ የባላጋራውን መታሰር አይደለም።

ዛሬ የምንዳኝበት የወንጀል ሕግ በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ነው፤ የ1949ኙን ተክቷል። የፍትሐ ብሔሩ ግን አንዳንድ ክፍሉ በሌላ ሕግ ቢተካም የ1952 ዓ.ም. ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። 3367 ቁጥሮች አሉት፤ ሁሉን አነበብነው ብለን አንዋሽም።

አሁን ወደ ሠፈራችን ነገር እንምጣ። አንዲት እናታችን ለጎረቤታቸው ልጅ ወደ ዐረብ አገር መሄጃ ይሁን ብለው 30,000 ብር አበደሩ። ወረቀት የለም። «እኔና እሷ ምን ወረቀት ያስፈልገናል? ቡና አብረን ስንጠጣ ሃያ ዓመታችን!» ነበር ያሉት። ልጅቱ ሄደች፣ ገንዘቡ ግን እንደ ታሰበው አልመጣም። ዓመት ከመንፈቅ ሲሆን አበዳሪዋ ጣቢያ ሄደው «ትታሰርልኝ!» አሉ። ተረኛው ፖሊስ «እማማ፣ ይህ የፍትሐ ብሔር ነው፤ ፍርድ ቤት ይሂዱ» ቢላቸው፣ ጉቦ ቢበላ ነው ብለው አዝነው ተመለሱ።

ፖሊሱ ግን ልክ ነበር። ተበድሮ በቀኑ አለመክፈል ብቻውን ወንጀል አይደለም። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳንም ሰው የውል ግዴታውን መፈጸም ስላልቻለ ብቻ አይታሰርም ይላል። ጥንት እንዲህ አልነበረም። ባለ ገንዘብና ባለ ዕዳ ልብሳቸው ተቋጥሮ ወይም በሰንሰለት ተቆራኝተው፣ ነገሩ ዳኛ ፊት እስኪያልቅ አብረው ይውሉ ያድሩ ነበር። ቁራኛ የሚባለው ይህ ነው፤ ቃሉም ዛሬ ድረስ ከአፋችን አልጠፋም። ልባችንም ገና ከዚያ ዘመን አልወጣ ይሆን እንላለን።

ታዲያ የገንዘብ ነገር ወንጀል የሚሆነው መቼ ነው? ከመነሻው ለማታለል አስቦ፣ በሐሰት ቃል አሳስቶ የወሰደ እንደሆነ ነው። በባንክ በቂ ገንዘብ ሳይኖረው ቼክ ፈርሞ የሰጠ፣ ደረቅ ቼክ የምንለው ማለት ነው፣ እሱም በወንጀል ይጠየቃል። አበዳሪም ቢሆን ይጠንቀቅ። ሕጉ በብድር ውል የሚፈቅደው ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ነው። የሰው ችግር አይቶ በአራጣ የሚያበድር፣ ልክሰስ ብሎ ሄዶ እሱው ተከሳሽ ሊሆን ይችላል።

እናታችን ከጣቢያ ሲመለሱ በንዴት ተበዳሪዋን ውሃ ቦኖው ጋ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ሌባ!» ብለው ሰደቡ። ስድብ ደግሞ ወንጀል ነው። በግል አቤቱታ ብቻ ከሚያስከስሱት አንዱ ነው፤ ተሰዳቢው ካላመለከተ ማንም አይነካውም። ለማመልከትም ጊዜው አጭር ነው፤ ተበዳዩ ድርጊቱን ወይም ያደረገውን ሰው ካወቀ ጀምሮ 3 ወር ነው። ተበዳሪዋ በሳምንቱ አመለከቱ። እንግዲህ እዩት! ገንዘባቸው የተወሰደባቸው ሴትዮ ራሳቸው የወንጀል ተከሳሽ ሆኑ። እሱን እንኳ በስንት ልመና አቤቱታው እንዲነሣ አድርገናል።

ብድሩ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ሌላ ችግር መጣ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ አለዚያም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ብቻ ነው። ሦስት ጎረቤት «ሲቆጥሩ አይተናል» ቢል አይረባም። ተበዳሪዋ በዳኛው ፊት «ወስጃለሁ፤ አልክድም፤ ያጣሁት መክፈያ ነው» ባይሉ ኖሮ ገንዘቡ ቀርቶ ነበር። አሁን በወር 1,500 ብር እየከፈሉ ነው። ቡናው ግን እስከ ዛሬ አልተጀመረም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ በድንኳኑ በወዲያና በወዲህ ነው የሚቀመጡት።

ሁለተኛው የኛ ነገር ነው። ሁለት ወጣቶች አረቄ ቤት ተጣልተው አንዱ በጠርሙስ መታና የሌላው አንድ ዓይኑ ጠፋ። ነገሩ እንዳይሰፋ ብለን ሦስት ሽማግሌ መረጥን። የመቺው ቤተሰብ ለሕክምና 15,000 ብር ሰጠ፤ ጉልበት ተሳመ። ከዚያ «ከእንግዲህ በወንጀልም ሆነ በካሣ አልጠይቅም» የሚል ወረቀት በገዛ እጃችን ጽፈን አስፈረምን። የማኅበሩም ማኅተም አለበት።

በሁለት ወሩ ፖሊስ መጥቶ መቺውን ወሰደው። እናቱ ቢሯችን በር ላይ ቆመው «አስታርቃችሁ አልነበረም ወይ? ታዲያ ገንዘባችንን ለምን አስከፈላችሁን?» ሲሉ መልስ አጣን። ተጎጂው ደግሞ የዓይኑን ሕክምና ሳይጨርስ ብሩ አለቀ። የሕግ ሰው ስናማክር፣ ተጎጂው በፊርማው የተወውን ካሣ መልሶ መጠየቅ እንደሚከብደው ነገረን። በፍትሐ ብሔር ሁለት ሰዎች ተስማምተው የፈረሙት ዕርቅ በመካከላቸው እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቆጠራልና። ወረቀታችን ሊያስቀር የማይችለውን ክስ አስቀራለሁ አለ፤ ለልጁ ሊጠብቅለት የሚገባውን ካሣ ግን አስቀረበት። ሁለቱንም ቤት ጎዳን።

ያልገባን ይህ ነበር። እንደ ስድብ ወይም ቀላል ድብደባ ያለውን፣ በግል አቤቱታ የሚያስከስሰውን፣ ሽማግሌ ሊጨርሰው ይችላል። ዓይን ማጥፋት፣ ሰው መግደል፣ አስገድዶ መድፈር፣ ዝርፊያ ግን ተበዳዩ ይቅር ቢልም ክሱ አይቆምም። ዕርቁ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በደለኛው ተጸጽቶ ተጎጂውን መካሱን ዳኛው ቅጣት ሲያቀል ያየዋል። ተጎጂም በወንጀሉ ክስ ላይ ካሣው አብሮ እንዲታይለት ፍርድ ቤቱን ማመልከት ይችላል፤ ይህንን ብናውቅ ኖሮ ያንን ወረቀት አንጽፍም ነበር።

በወንጀል ነፃ የወጣ ሰው ካሣም አይከፍልም የሚሉ አሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። በወንጀል ዳኛው በቂ ጥርጣሬ ካደረበት ተከሳሹን ይለቃል። በፍትሐ ብሔር ግን የማን ማስረጃ ያመዝናል ብሎ ነው የሚፈርደው። ያለ አንዳች ወንጀል ካሣ የሚከፈልበትም አለ። ውሻው አምልጦ ሰው የነከሰበት ባለቤት «ሳላውቅ ነው የወጣው» ቢል አያድነውም። (የላይኛው መንገድ ውሻ ባለቤቶች ስሙን!) እንዲህ ያለው የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይቀራል። ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ ግን ካሣውም በዚያው ይሄዳል።

ስለ ተያዘ ሰውም አንድ ቃል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይገባል። ቤተሰብ ወዲያና ወዲህ ከመሮጥ የተያዘበትን ሰዓት በወረቀት ይጻፍ።

ኮሚቴው የወሰነው እንዲህ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አካል በጎደለበትና መሰል ከባድ ነገር ሁሉ ሽማግሌ ይልካል፣ ያጽናናል፣ ማኅተም ግን አያትምም። ለብድር የሚሆን የውል ቅጽ ገንዘብ ያዡ ዘንድ አለ። ተበዳሪው ይፈርምበታል፣ ሁለት ምስክር ይፈርምበታል። ፊርማ የማይችል ሰው በጣት አሻራ የሚያደርገው ውል ግን ውልና ማስረጃ ወይም ዳኛ ፊት ካልሆነ አያስገድደውም፤ የትራንስፖርቱን ማኅበሩ ይችላል። ቅጹን ቅዳሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መጥታችሁ ውሰዱ፤ ማንበብ ለሚያስቸግራቸው እናነብላቸዋለን። የሕጉን መጽሐፍ ግን ቤት መውሰድ አይቻልም፤ ባለፈው የተዋሰ አባል አለ፣ እስካሁን አልመለሰም፣ ያለ ወረቀት ነበር የሰጠነው።