የሰው ስጦታና የራስ እጅ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ የልጆቻችን ማንበቢያ ክፍል ጉዳይ ሲነሣ ግማሾቻችን «የውጭ ረጂ ይፈለግ» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብለን ተቃወምን። እኔ የዚያን ዕለት ዝም ያልኩት ነገሩ ሁለት ፊት ስላለው ነው። ዛሬ በቻይና የሆነውን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የአሜሪካው የሮክፌለር ድርጅት በ1914 የቻይና የሕክምና ቦርድን አቋቋመ። በ1915ም ሚሲዮኖች በፔኪንግ የከፈቱትን የሕክምና ትምህርት ቤት ተረክቦ እንደ አዲስ ሠራው፤ በ1921 ተመረቀ። ጣሪያው እንደ ቻይና ቤተ መንግሥት አምሮ የተሠራ፥ ትምህርቱ ግን በእንግሊዝኛ፥ ደረጃውም ከአሜሪካ የማያንስ ነበር። ታዲያ በ1924 ስንት ሐኪም ያስመረቀ ይመስላችኋል? ሦስት! እስከ 1943 ድረስም ምሩቃኑ ከሦስት መቶ ብዙም አልዘለሉም። ያ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶ ከ400 ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ ይህ ምን አላት? ብዙ ሰው እንዲህ እያለ ነቅፎታል፤ ነቀፌታውም እውነት አለው።

ነገር ግን ታሪኩ እዚህ አያበቃም። ከ1929 ምሩቃን አንዱ ዶክተር ቼን ጂቺየን ነበር። የሕዝብ ጤና ትምህርት ከመምህሩ ከጆን ግራንት የቀሰመው ይህ ሰው ከ1932 ጀምሮ ዲንግሺየን በሚባል የገጠር አውራጃ የጤና ሥራ መራ። መጀመሪያ የጠየቀው «ገበሬው ምን ያህል መክፈል ይችላል?» ብሎ ነው። መልሱ «እጅግ ጥቂት» ስለ ሆነ፥ ከመንደሩ ሰዎች መካከል እየመረጠ ለጥቂት ቀናት አሠለጠነ። ፈንጣጣ ይከትባሉ፤ የተወለደና የሞተ ይመዘግባሉ፤ በትንሽ ሣጥን የተያዙ ቀላል መድኃኒቶችን ይሰጣሉ፤ ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ወደ ጣቢያ ይልካሉ። እርግጥ ለዚህም ሥራ ከአሜሪካ ርዳታ ነበረ። የመንደሩ ወጪ ግን በመንደሩ አቅም የተለካ ነበር። በ1937 ጦርነት አቋረጠው፤ ሐሳቡ ግን አልሞተም። በ1960ዎቹ መጨረሻ ቻይና በየገጠሩ ያሰማራቻቸው «ባለ ባዶ እግር ሐኪሞች» በዚያው መንገድ የተጓዙ ናቸው።

የቻይና መንግሥት ትምህርት ቤቱን በ1951 ወረሰ፤ ረጂዎቹም ሄዱ። ትምህርት ቤቱ ግን ዛሬም ያስተምራል።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ስጦታ ዕውቀት ያመጣል፤ ዕውቀቱን እስከ ጓዳ የሚያደርሰው ግን የአገሩ ሰው ነው። ስለዚህ መጽሐፍ የሚሰጠን ከተገኘ በምስጋና እንቀበል፤ የአማርኛም መጽሐፍ ይኑርበት እንበል። የክፍሉ ጠባቂ ደመወዝና የመብራቱ ሒሳብ ግን ከወርኃዊ መዋጯችን ይከፈል። ድንኳናችንን ማን ሰጠን? ሳንቲም በሳንቲም ገዛነው፤ ለዚህም ነው ሌሊት ኀዘን ሲደርስ የማንንም ፈቃድ ሳንጠብቅ የምንተክለው። ማንበቢያ ክፍሉም እንዲሁ ይሁን፤ ረጂው ቢሄድ በሩ አይዘጋ።