አጥተናል እንጂ አልተሳነንም
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ለብድር ስንመዘገብ ቅጹ ላይ «ድሃ» ተብለን ተጻፍን። ዛሬ ስለ እንዲህ ዓይነት ቃላት ትንሽ እናውራ።

በቤተ ክርስቲያን ደጅ የምንሰማው «ነዳይ» ከግዕዝ የመጣ ነው። «ምስኪን» በግዕዝም በዓረብኛም ድሃ ማለት ነው፤ ሥሩ እስከ ጥንታዊት ባቢሎን ይደርሳል። እዚያ ከሙሉ ባለመብቱ ዝቅ ያለ ሰው መጠሪያ ነበር። ድሃ፣ ነዳይ፣ ምስኪን ሁሉም ሰው ላይ የሚለጠፉ ስሞች ናቸው።

«አጣ» ግን ከእነዚህ ይለያል። «አጣሁ» ያለችን እኅት «ምን? መቼ?» ብለን እንጠይቃታለን። የትግርኛው «ሰኣነ» ማጣትንም አለመቻልንም በአንድነት ይይዛል። የአማርኛው «ተሳነው» የእሱ ዘመድ ነው፤ አለመቻልን ብቻ ይናገራል።

እኛ ያጣነውን እናውቃለን። መቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ልብስ ስፌት ተቀጠርን፤ ደመወዝ ቆጠርን፣ ዕቁብ ጣልን። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ መጣ፣ ማሽኑ ቆመ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች፤ ልብሱ ያለ ቀረጥ የሚገባበት ገበያ ተዘጋ። ሥራው ሄደ፤ ሙያው ግን እጃችን ላይ ቀረ።

ድሃ ለተባለ ምጽዋት ይታሰብለታል፤ ሥራ ላጣ ባለሙያ ግን የስፌት መኪናና ገበያ ነው የሚታሰብለት። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅጽ ላይ ዝም አንበል፤ «ሥራ አጥተናል፣ መስፋት እንችላለን» ብለን እናስጽፍ።