ከሰልባጅ ክምር ውስጥ
(በማኅበራችን 25ኛ ዓመት የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ ኮሚቴ «ከኋላ ጠረጴዛው ላይ ስለደረደርካቸው አሮጌ የስፖርት ዕቃዎች ትንሽ ተናገር» ሲለኝ ደንግጬ ነበር። እኔ የማውቀው በርበሬና ሽሮ መመዘን ነው፤ ትምህርቴም ከ12ኛ ክፍል አላለፈም። ነገር ግን ሱቄ እየመጣችሁ «ይህን ሁሉ ኮተት ለምን ትሰበስባለህ?» ያላችሁኝ ብዙዎች ናችሁ። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ ዛሬ በአንድ ጊዜ ብናገር ይሻላል ብዬ ተነሣሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ሲሆን እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የጀመረኝ ናይሮቢ አይደለም። ልጅነቴን ያሳለፍኩት መርካቶ፣ ከምናለሽ ተራ ብዙ ሳይርቅ ነው። በ1980 ምሩጽ ይፍጠር ሞስኮ ላይ 5 ሺውንም 10 ሺውንም ሜትር ሲያሸንፍ ከጋዜጣ ላይ ፎቶዎቹን እየቆረጥኩ አንድ ደብተር ሞላሁ። ሙጫ አልነበረኝም፤ በዱቄት ሊጥ ነበር የለጠፍኳቸው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሩ የለም። እናቴ ባዶ ጠርሙስ ለቆራሌው ስትሸጥ አብራ ሰጥታዋለች። ሰፈር ውስጥ ያሉትን ሱቆች ሁሉ ዞርኩ። ወረቀቱ ስኳር መጠቅለያ ሆኖ እንዳገኘው ነበር ተስፋዬ። አላገኘሁትም። እናቴን ግን አልወቅሳትም፤ አሥር ሳንቲምም በዚያን ጊዜ ገንዘብ ነበር።

ናይሮቢ ከመጣሁ በኋላ ጊኮምባን አወቅሁ። አዲስ የመጣችሁ ልጆች ጊኮምባ የሰልባጅ ገበያ ብቻ ይመስላችኋል። እኔ ግን በሕይወቴ ያየሁት ትልቁ ሙዚየም እሱ ነው፤ ልዩነቱ ጠባቂ የሌለውና ጭቃ የበዛበት መሆኑ ነው። ቦንዳ የሚፈታው በጠዋት ነው። መልካም መልካሙን ቸርቻሪዎቹ ቀድመው ያነሣሉ። እኔ የምፈልገው እነሱ የሚጥሉትን ስለሆነ ከቁርስ በኋላ ብደርስም አይቆጨኝም። የደበዘዘ የክለብ ማልያ፣ የሩጫ ቁጥር የተለጠፈበት ካናቴራ፣ ማንም የማያውቀው ትምህርት ቤት አርማ ያለበት ኮት ይገኛል። ሻጮቹ «ምዜ ዋ ታካታካ» ይሉኛል፤ የቆሻሻ ሽማግሌ ማለት ነው። አልከፋኝም፤ ስም ካወጡልኝ በኋላ አሮጌ ነገር ሲያገኙ ራሳቸው ማስቀመጥ ጀመሩ።

ጠረጴዛው ላይ ካሉት መካከል ስለ ቴምብሮቹ በአጭሩ ልናገር። ሁለቱ የኬንያ፣ የኡጋንዳና የታንዛኒያ የጋራ ፖስታ በነበረበት ዘመን በ1965 ለ13ኛው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ የታተሙ ናቸው። ራሊው የተጀመረው በ1953 የእንግሊዟ ንግሥት የንግሥና በዓል ምክንያት በማድረግ ነበር። በ1965ቱ ያሸነፈው እዚሁ ኬንያ ተወልዶ ያደገው ጆጊንደር ሲንግ ነው። ከወንድሙ ጋር በቮልቮ ነድቶ አሸነፈ፤ በኋላም በ1974ና በ1976 ደግሞታል። ቴምብሮቹን የሸጠልኝ ሰውዬ ይህን ሁሉ ቆሞ ካጫወተኝ በኋላ ዋጋው ላይ መቶ ሺሊንግ ጨመረብኝ። «ታሪኩ በነፃ ነው እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከፈልኩ።

ሌላዋ ቴምብር የእኛው ናት። በጥር 1962 አዲስ አበባ ላይ ለተደረገው ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ የታተመች ናት። በፍጻሜው ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ያ ዋንጫ ዛሬ እኛ ዘንድ የለም። ጋና በ1978 ለሦስተኛ ጊዜ ስታሸንፍ ለሁልጊዜ ወሰደችው፤ ሕጉ እንደዚያ ነበር። እንግዲህ ለእኔ የቀረችኝ ይህች ቁራጭ ወረቀት ናት። ከአንድ የደብዳቤ ፖስታ ጋር ተጣብቃ አገኘኋት፤ እንዳልቀድዳት ፈርቼ እስካሁን አላላቀቅኋትም።

አሁን ወደማፍርበት ነገር ልምጣ። ከጠረጴዛው ጫፍ የተሰቀለውን አረንጓዴ የቱታ ጃኬት አይታችሁታል። ደረቱ ላይ በላቲን ፊደል የአገራችን ስም ተጽፏል። ከዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት በፊት ጊኮምባ ውስጥ በ800 ሺሊንግ ገዛሁት። ሻጩ «የድሮ ነው፣ የድሮ ነው» ብቻ ነው ያለኝ። እኔ ግን ቤት ወስጄ ሳየው፣ ሳየው፣ ሳየው፣ ማሞ ወልዴና ምሩጽ ይፍጠር ነሐስ ካመጡበት ከ1972ቱ የሙኒክ ኦሊምፒክ የመጣ መሰለኝ። መጀመሪያ «ሊሆን ይችላል» አልኩ። በሳምንቱ «ሳይሆን አይቀርም» አልኩ። ከአሜሪካ ለጉብኝት የመጣ አንድ ወገናችን ሱቄ ገብቶ ሲጠይቀኝ ግን «የሙኒክ ነው» አልኩት። በ15 ሺህ ሺሊንግ ወሰደው።

ከሁለት ወር በኋላ ስልክ ደወለ። ባለቤቱ ገበሩን ለመስፋት ስትፈታው ውስጥ የታጠፈች ትንሽ ምልክት አግኝታለች። በምልክቷ ላይ የፋብሪካው የኢንተርኔት አድራሻ ታትሟል። እስኪ ፍረዱ፣ በ1972 ኢንተርኔት! (ሳቃችሁ ይገባኛል፤ ያን ቀን ግን እኔ አልሳቅሁም።) ገንዘቡን በሐዋላ መለስኩ፤ ጃኬቱንም በሰው እጅ ላከልኝ። ከዚያ ወዲህ ግን አላነጋገረኝም። ሁለት ጊዜ በበዓል ደወልኩለት፣ አላነሣም። ሻጩ አላታለለኝም። ሙኒክ የምትለዋን ቃል የጨመርኩት እኔ ነኝ። ጃኬቱን ጠረጴዛው ላይ ያደረግሁት ለዚህ ነው፤ ከኪሱ ውስጥ ታሪኩን የጻፍኩበት ወረቀት አለ፣ አንብቡት።

ወረቀት መጻፍ የጀመርኩትም ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ዕቃ ስገዛ ከማን፣ የት፣ መቼ፣ በስንት እንደገዛሁትና ሻጩ በራሱ አፍ ያለውን ብቻ በእርሳስ እጽፍና አብሬ አስቀምጣለሁ። በስክሪብቶ አትጻፉ፣ ይዘልቃል። ማልያ ካገኛችሁም ቶሎ አትጠቡ፤ እድፉም የዕቃው ነው። ፎቶ ደግሞ በፕላስቲክ አታስለብዱ። ሻጭን «ይህ የማን ነው?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ ደስ የሚላችሁን ስም ይጠራላችኋል። «ከየት አመጣኸው?» በሉት። አንድ ጊዜ እንዲያውም አንዱ አገሬን ካወቀ በኋላ አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ ያሸነፈበትን ጫማ ሊሸጥልኝ ነበር። በባዶ እግሩ መሮጡን ስነግረው «እንግዲያው ያወለቀው ይሆናላ!» አለኝ። ለመልሱ ስል ሻይ ጋበዝኩት።

የመጨረሻው ፎቶግራፉ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የንግድ ፈቃዴን የምሰቅልበት ፍሬም ፈልጌ ንጎንግ መንገድ ዳር፣ አሮጌ የቤት ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ ቆምኩ። ሰው አገር ሲቀይር ትቶት የሚሄደውን እየገዛ የሚሸጥ ነው። አንዱን ፍሬም 400 ሺሊንግ ጠራልኝ፤ ተስማማን። «ፒቻውን ላውጣልህ» ብሎ ሚስማሩን በጉጠት ሲይዝ ብርሃኑ መስተዋቱ ላይ አረፈና ውስጡን አየሁት። አረንጓዴ ማልያ የለበሱ 11 ልጆች፣ ከጎናቸው ሁለት ሙሉ ልብስ የለበሱ ሰዎች። «ተው!» ብዬ ጮህኩ። በአማርኛ ነው የጮህኩት፤ ሰውዬው ግን ገባው።

የእኛው ቡድን ነበር። ማኅበራችን ከመመሥረቱ በፊት፣ ወረቀት ለማግኘት ስንጠባበቅ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጫወት የነበርነው። ከኋላው «ናይሮቢ፣ 1986 ዓ.ም.» ይላል፤ ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው። ማልያዎቹ ከጊኮምባ ከአንድ ቦንዳ የወጡ የፈረንጅ ተማሪዎች ማልያ ነበሩ። ቁጥሮቹን ከነጭ አንሶላ ቆርጠው በእጃቸው የሰፉልን እናታችን ዛሬ እዚህ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ስሜን እንዳትጠራ ብለውኛል። የ7 ቁጥሯ ተገልብጣ ተሰፍታለች። በፋኖስ ብርሃን ነው የሰፋሁት ይላሉ። እኔም የቡድኑ ተቀያሪ ነበርኩ፤ ፎቶው ላይ ግን የለሁም። ያን ቀን ከጅምላ ነጋዴ ዘንድ ስኳር ስሸከም ነው የዋልኩት።

ከኋላው የ13ቱም ስም በእርሳስ ተጽፎ ነበር፤ እርጥበት ግን አራቱን በልቷቸዋል። ሦስቱን እናታችንና እኔ ተረዳድተን አስታወስናቸው። ግብ ጠባቂያችን ሚኒሶታ ነው፣ ቁጥር 4 ሜልቦርን፤ ቁጥር 10 ዐርፏል፣ ነፍሱን ይማር። የቀረው ያው ቁጥር 7 ነው። በዋልዳ ካምፕ በኩል የመጣ፣ ቀጭን፣ ብዙ የማይናገር ልጅ። «ዝምተኛው» እንለው ነበር፤ ለዚህ ይሆናል ስሙ የጠፋብኝ።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨቀጭቅ ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ጆንያ ሽንኩርቴን ገዝቼ መንገድ ዳር የተቀመጥኩት እሱ ባበደረኝ 300 ሺሊንግ ነው። «ስታገኝ ትሰጠኛለህ» አለኝ። ሳገኝ እሱ የለም፤ ወደ ካኩማ ሄደ ያሉም አሉ፣ ውጭ ወጣ ያሉም አሉ። ሱቅ የሆነኝ ከዚያ ሽንኩርት ነው። የሰውየውን ስም ግን አላውቅም። የጆጊንደር ሲንግን መኪና ዓይነት አውቃለሁ፣ የእሱን ስም አላውቅም።

ፍሬሙን ለፎቶው ተውኩለት፤ የንግድ ፈቃዴ እስካሁን በፕላስተር ነው የተለጠፈው። ፎቶው ጠረጴዛው መካከል ላይ አለ። ቁጥር 7 ከቆሙት ከግራ ሦስተኛው ነው፣ ማልያው ላይ ቁጥሩ የተገለበጠው። ምግብ ከመቅረቡ በፊት በተለይ ከ1995 በፊት ናይሮቢ የነበራችሁ እባካችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩት። እርሳስና ወረቀት ከጎኑ አስቀምጫለሁ።