ስለ አውሮፕላን ክንፍ መቈጣጠሪያዎች
(በትምህርት ቤታችን የበዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



በአጅባር መስክ ከብት እየጠበቅን ያደግን ልጆች ጭላት ስታርፍ ብዙ ጊዜ አይተናል። ከላይ ስትንሳፈፍ ክንፏን እምብዛም አታንቀሳቅስም፤ ወደ ምድር ስትቀርብ ግን ላባዋን ትዘረጋለች፥ ጅራቷን ዝቅ ታደርጋለች፥ ፍጥነቷንም ትቀንሳለች። ዛሬ ልንናገር የተነሣነው ሰው ይህንኑ በብረት ክንፍ እንዴት እንደሚሠራ ነው። ለምሳሌም የመረጥነው የአገራችን አየር ኃይል አብራሪዎች ይማሩባት የነበረችውን ሳብ ሳፊር የተባለች ትንሽ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ነው።

ሳፊር በስዊድን ተሠርታ መጀመሪያ የበረረችው በኅዳር 1938 ዓ.ም. ነበር። ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን በግንቦት 1939 ዓ.ም. ከስቶክሆልም ተነሥተው በመንገድ ሳያርፉ አዲስ አበባ የገቡት በዚህችው አውሮፕላን ነው። መንገዱ 6,220 ኪሎ ሜትር ሲሆን ወደ 31 ሰዓት ፈጅቷል። እኒሁ ሰው በደብረ ዘይት፥ ማለት በዛሬው ቢሾፍቱ፥ አብራሪዎቻችንን አሠልጥነዋል።

አሁን ወደ ክንፉ እንመለስ። በክንፉ የኋላ ጠርዝ፥ ወደ ጫፉ በኩል፥ አይሌሮን የሚባል ተንቀሳቃሽ ክፍል አለ። አብራሪው መሪውን ዘንግ ወደ ግራ ሲገፋ የግራው አይሌሮን ይነሣል፥ የቀኙ ይወርዳል፤ ስለዚህ ቀኝ ክንፍ ከፍ ሲል አውሮፕላኑ ወደ ግራ ያዘነብላል። ወደ አካሉ ቀረብ ብሎ ያለው ደግሞ ፍላፕ ይባላል። ሁለቱ ፍላፖች አብረው ሲወርዱ ክንፉ ይበልጥ ይጎብጣል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ በዝግታ እየሄደም ክብደቱን ሊሸከም ይችላል። የአየሩ መጎተት ግን ስለሚጨምር ፍላፕ በብዛት የሚወርደው ለማረፍ ነው።

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ፍጥነት ቀንሶ አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ሲል አየሩ በክንፉ ጀርባ ላይ መፍሰሱን ትቶ ይበታተናል፤ የማንሣት ኃይሉም በድንገት ይጎድላል። አንደኛው ክንፍ ሲወድቅ ጀማሪ ደንግጦ ዘንጉን ወደ ሌላው ጎን ይስባል። በዚህን ጊዜ በወደቀው ክንፍ ላይ ያለው አይሌሮን ይወርድና ውድቀቱን ያብሳል፤ አውሮፕላኑም እንደ እንዝርት እየተሽከረከረ ሊወርድ ይችላል። መድኃኒቱ መጀመሪያ አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ ነው፤ ፍጥነት ሲመለስ ክንፉ ኃይሉን ያገኛል። ምድር እየቀረበች ሳለ አፍንጫን ወደ ምድር ማዞር ግን ድፍረት ብቻ ሳይሆን ዕውቀትም ይጠይቃል።

ይህ ነገር ለእኛ ለደገኞች ይበልጥ ይመለከተናል። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስንደርስ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ አንድ አራተኛ ያህል ይሳሳል። ሞተሩም ክንፉም ይደክማሉ፤ ስለዚህ መነሻውም ማረፊያውም ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ የምንናገረው ለጨዋታ አይደለም። ከመካከላችን የታመመ ወንድሙን በቃሬዛ ተሸክሞ ገደሉን ሲወርድና ሲወጣ ያደረ አለ። በረኀቡ ዘመን፥ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1974፥ ፎን ሮዘን ተመልሰው መጥተው በትንንሽ አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው እየበረሩ መንገድ ላልደረሰለት ሕዝብ እህል ከአየር አውርደዋል። በ1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በጦርነት ሞቱ። እህሉን ለማውረድ ዝቅ ብሎ በዝግታ መብረር ያስፈልግ ነበር፤ ይህንንም የሚፈቅደው አሁን የገለጽነው የክንፍ ሥራ ነው።

እንግዲህ ጓደኞቻችን፥ አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና ብሎ ማየት ብቻ አይበቃንም። በዚህ ዓመት ከዚህ ቤት የምንወጣው ተማሪዎች ሒሳብንና ፊዚክስን እስከ መጨረሻው ለመከታተል ተስማምተናል። እናንተ ታናናሾቻችንም ከእኛ የተሻለ እንድታደርጉ እንለምናችኋለን።