ዲኤክስ በጋይንት ዳገት

እሷ፦ ወንድምዓለም፣ አሮጌ ዲኤክስ መኪና የጋይንትን ዳገት እስከ ነፋስ መውጫ ከተማ ትወጣለች?

እሱ፦ ባለቤቷ ካወቃትማ ለምን አትወጣ! ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ነች። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ጉልበቷ ይደክማል። ካንዴላውን ፈትቶ በሽቦ ብሩሽ መጥረግ የማንም እጅ የሚችለው ሥራ ነው። በዚህ ምክንያት ደህና መኪና ተጥሎ ሳይ ያንገበግበኛል።

እሷ፦ ራዲያተሩስ?

እሱ፦ እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የክዳኑ ጎማ ተሰነጣጥቆ ግፊት ካልያዘ ዳገቱ መሃል ታፈላለች። ሞተሩ ሳይበርድ ግን ክዳኑን አትንኩ፣ አደራ!

እሷ፦ ወደ ስማዳና እስቴ ቁልቁለቱስ?

እሱ፦ በከባድ ማርሽ ነዋ! ፍሬን ብቻ ከተረገጠ ሸራው ይግልና መያዝ ያቆማል።